መስከረም 17 የማን ቀን ነው?

(በማኅበራችን የጳጉሜን ስብሰባ ላይ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ያሆዴ ደርሷል። የሁላችንም ልብ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ ጓዳ እንደሆነ እናውቃለን። ቆጮው ከጉድጓድ ወጥቷል ወይ? ቅቤው ይበቃል ወይ? ግድግዳው ተለቅልቋል ወይ? ይህ ሁሉ ሥራ ተንጠልጥሎ ሳለ ንግግር ስሙ ማለት ድፍረት ነው። ቢሆንም ይህን ንግግር የጠየቃችሁት እናንተው ናችሁ። ባለፈው ስብሰባ ላይ ላልነበራችሁት ነገሩን በአጭሩ እንንገራችሁ።

ወጣቶቹ አባሎቻችን አንድ ሐሳብ አመጡ። መስከረም 17 የጥላሁን ገሠሠ ልደት ነውና ማታ በአዳራሹ ዝግጅት እናድርግ፣ ዘፈኖቹ ይከፈቱ፣ ኬክ ይቆረስ፣ የመግቢያ ትኬት ይሸጥ፣ ገቢው ለብድር ካዝናችን ይግባ አሉ። ከትልልቆቹ አንዷ እናታችን ብድግ ብለው «በያሆዴ ቀን ያሆዴ እንጂ የምን ልደት ነው?» አሉ። ሌላዋ ደግሞ «የራሴን ልደት ቀን ሳላውቅ የሰው ልደት ላክብር?» ብለው አዳራሹን በሳቅ ሞሉት። ሳቁ አለፈ፣ ነገሩ ግን ቤታችን ድረስ ተከትሎን ገባ። ኮሚቴው አጣርቶ ያቅርብ ተባለ። እነሆ ያገኘነውን ይዘን መጥተናል።

ከራሳችን ቤት እንጀምር። መስከረም 17 በጊምቢቹ፣ በሶሮም ሆነ በሀዲያ ምድር ሁሉ የዘመን መለወጫ ነው። ጎረቤታችን ከምባታ መሳላ ይለዋል፤ ጉራጌው መስቀል፣ ጋሞው ዮ መስቀላ። ስሙ ይለያያል እንጂ ሁሉም ቤት የራቀው የሚሰበሰብበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሰሞን ነው። ቤተ እምነታችን የተለያየ ነው፤ የኦርቶዶክሱ፣ የፕሮቴስታንቱ፣ የካቶሊኩና የሙስሊሙ ልጅ ግን አንድ መንደር ነውና የበዓሉ ጭስ ከሁሉም ጣሪያ ይወጣል። የመስቀል በዓል ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ይህን በዓል የሚያቆመው ማን እንደሆነ ለደጋፊዎቻችን መንገር ይገባናል፤ ለራሳችን ግን መናገር አያስፈልግም። አባቶች በሬውን በቅርጫ ይገዛሉ፣ ወጣቶች እንጨት ይፈልጣሉ፣ ልጃገረዶች ቤቱን ያስጌጣሉ። እናቶች ግን ዓመቱን ሙሉ ያሆዴን ይሠራሉ። እንሰቱን የምንፍቀው፣ ቡላውን የምናወጣው፣ ቅቤውን ከየሳምንቱ ቀንሰን የምናጠራቅመው እኛ ነን። አተካናው በቡላ፣ በወተትና በቅቤ ተነኩሮ ሲቀርብ እንግዳው «ምን ያህል ይጣፍጣል!» ይላል፤ ቅቤው ስንት ወር እንደፈጀ ግን የሚጠይቅ የለም። እናቶቻችን ባንክ ሳይኖር፣ የቁጠባ ደብተር ሳይኖር፣ ቅቤ በተራ እያዋጡ አንዷ በአንድ ጊዜ ብዙ እንድታገኝ ያደርጉ ነበር። ይህ የቅቤ ዕቁብ ነው። ማኅበራችን ዛሬ በብር የሚሠራው እነሱ በቅቤ ይሠሩት የነበረውን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ቀኑ ባዶ አይደለም። ባለቤት አለው። ወጣቶቹ ያመጡት ሐሳብ ግን መሠረት የሌለው ነው ማለት አይደለም።

ጥላሁን ገሠሠ የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ እንደሆነ የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም ነበር። አባቱ አቶ ገሠሠ ንጉሤ፣ እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ ይባላሉ። በልጅነቱ ወሊሶ አያቱ ዘንድ ሄዶ አደገ፤ የተማረውም እዚያው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በሀገር ፍቅር ቴአትር ጀመረ፣ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሻገረ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ከእኛ መካከል ሬዲዮ ያልነበረበት ቤት ያደገች እንኳ ድምፁን በጎረቤት ግድግዳ በኩል ሰምታዋለች።

ያረፈበት ቀን ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። በመስቀል ቀን የተወለደው ሰው በፋሲካ ቀን አረፈ፤ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በ68 ዓመቱ። አስከሬኑ በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ታጅቦ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ብዙ ሰው «ጥላሁን የሞተው በፋሲካ ማታ ነው» ብሎ ያስታውሳል። መስቀል ግን ቀኑን አይለቅም፣ ፋሲካ ይዞራል። ሙት ዓመቱ በ2002 ሲደርስ ፋሲካ መጋቢት 26 ላይ ዋለ፤ ከሚያዝያ 11 ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ማለት ነው። እንግዲህ በበዓሉ የሚቆጥር አንድ ቀን፣ በወሩ የሚቆጥር ሌላ ቀን ያስበዋል። ልደቱ ግን እንዲህ አያከራክርም። ችቦው በተለኮሰ ማግስት ነው፤ የሚረሳው የለም።

ይኸው ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ላይ ይውላል። እዚያም ብዙ ነገር ተሰብስቦበታል። የዓለም የቱሪዝም ቀን የሚከበረው በዚያ ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ በ1970 የድርጅቱ መተዳደሪያ የጸደቀበት ቀን ስለሆነ ከ1980 ጀምሮ በየዓመቱ ይከበራል። እኛ አገር ቱሪዝም ሲነሣ የሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ስም ይነሣል፤ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መጠሪያ ለዓለም ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው። (አንዷ አባላችን ይህን ስትሰማ «የ13 ወር ሥራ ቢሉት የእኛን ነበር» አለች። ለመዝገብ ያህል ጽፈነዋል።)

ልጆቻችን በስልክ የማያጡት ጎግልም ልደቱን የሚያከብረው ሴፕቴምበር 27 ነው። ነገር ግን ኩባንያው በሕግ የተመዘገበው በ1998 በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ነው። ይህን ያህል ሀብታም የሆነ ድርጅት ልደቱን የወለደው የተመዘገበበት ቀን አይደለም፤ መርጦ የያዘው ቀን ነው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

የጥላሁን ልደት ከመስቀል ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው። ማንም አላቀደውም። ሆን ተብሎ የሚገጥም ቀን ደግሞ አለ፤ ይህን ስናጣራ ብዙ ነገር አገኘን። ትልቁ ምሳሌ ጥቅምት 23 ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በዚህች ቀን ዙሪያ የመዝናኛው ዓለም ምን ያህል እንደተሰበሰበ ተመልከቱ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ሥራ የጀመረው በ1948 ዓ.ም. የዘውዱ 25ኛ ዓመት ሲከበር ነው፤ ያኔ ስሙም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥርጭት የጀመረው ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው፤ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሆኖ። ዘውድ፣ ቴአትርና ቴሌቪዥን አንድ ልደት ተካፈሉ። ዘውዱ ከወረደ በኋላም ልማዱ አልቀረም፤ መደበኛው የቀለም ቴሌቪዥን ሥርጭት የመጣው ኢሠፓ ሲመሠረትና አብዮቱ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ በ1977 መባቻ አካባቢ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መንግሥት አዲስ ነገር ሲያስመርቅ ሰው አስቀድሞ የወጣበትን፣ ልብሱን የቀየረበትን፣ ሥራ የፈታበትን ቀን ይመርጣል። ዘፋኞችና አሳታሚዎችም ይህን ያውቃሉ። አዲስ ካሴት፣ ኋላም ሲዲ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ እንዲደርስ የሚሯሯጡት ለዚህ ነው፤ የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» በ2004 ዓ.ም. ለፋሲካ መውጣቱን የምታስታውሱ አላችሁ። ሰው በበዓል እጁን ይፈታል። እኛ የምናጠራቅመው ብር የሚወጣው በዚያ ሰሞን መሆኑን ነጋዴው ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል፤ በዓል በበዓል ላይ፣ ልደት በልደት ላይ በተደራረበ ቁጥር የሚራቆተው ኪስ የማን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ባለፉት ዓመታት ከማኅበራችን ተበድረው መመለስ የተቸገሩ አባላት አብዛኞቹ ብድሩን የወሰዱት ለንግድ አልነበረም፤ ለመስከረም ነበር። ስም አንጠራም፤ አያስፈልግም።

የሰው ልደት በአደባባይ ማክበር ለአገራችን እንግዳ ነው የሚል ካለ ግን አንስማማም። ጃማይካዊው ቦብ ማርሊ 60 ዓመት በሚሞላው ቀን፣ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። ባለ ልደቱ ከሞተ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቋንቋውም የእኛ አይደለም። ሕዝቡ ግን ወጣ። ደመራ በሚለኮስበት አደባባይ የሩቅ አገር ሰው ልደት ከተከበረ፣ በወሊሶ ያደገውን የእኛን ሰው ጊምቢቹ ላይ ማሰብ ነውር የለበትም። ወጣቶቹ በዚህ ነጥብ አሸንፈዋል፤ ጭብጨባው ለእነሱ ይሁን።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንምጣ። ከመካከላችን ልጅ ደቡብ አፍሪካ የሌላት ጥቂት ናት። በያሆዴ ዋዜማ ስልኩ ይጮኻል፤ «እማዬ ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ የስንፍና አይደለም። ጳጉሜን 5 በምትሆንበት ጊዜ መስከረም 17 ሴፕቴምበር 27 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር 28 ላይ ይሆናል። በ2015 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ሆና ስለነበር በ2016 መስቀል የዋለው 28 ላይ ነው። በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። እነሱ የሚያዩት የስልካቸውን ቀን ነው፤ እኛ የምናየው የራሳችንን ነው። በዚያው ሰሞን፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን፣ የደቡብ አፍሪካ የቅርስ ቀን ሥራ የሚዘጋበት በዓል ስለሆነ ሰዉ በየደጁ ሥጋ ይጠብሳል። ከሱቁ ፋታ ያገኘ ልጅ በዚያ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሥጋ ገዝቶ «ያሆዴን አስቀድመን በላነው» ብሎ ይደውላል። እናት ትስቃለች፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ለብቻዋ የምታደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ስለዚህ በእኛና በፈረንጆቹ መካከል እንኳ ሁለት ልደት ሁልጊዜ አብሮ አይሄድም። በአራት ዓመት አንዴ ጥላሁንና የቱሪዝም ቀን በአንድ ቀን ልዩነት ይለያያሉ። ያሆዴና ጥላሁን ግን አይለያዩም፤ ሁለቱም በእኛው አቆጣጠር ነውና።

እስካሁን የተናገርነው ቀናቸው ስለታወቀ ሰዎች ነው። «የራሴን ልደት ሳላውቅ» ያሉት እናታችን ያነሡት ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ ኮሚቴው ብዙ ሌሊት የተነጋገረውም በእሱ ላይ ነው።

ልደት የሚከበርለት ማን ነው? ዝነኛ ሰው ነው እንላለን። ግን አይደለም፤ ቀኑ የተጻፈለት ሰው ነው። ፒያኖ ተጫዋቿን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እንውሰድ። የተወለዱት ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ ሳይቀር ይታወቃል። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውንም ገና በስድስት ዓመቷ ስዊዘርላንድ ልከው አስተምረዋል። እንዲህ ባለ ቤት ልደት ይጻፋል። እማሆይ ያስቀረጹትን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገቢ ለወላጅ አልባ ልጆች አውለዋል። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር፤ መቶ ሊሞላቸው ወራት እንደቀራቸው የታወቀውም ያ ቀን ተጽፎ ስለቆየ ነው።

በሌላ በኩል አስናቀች ወርቁን አስቡ። ክራር ደርዳሪ፣ ዘፋኝ፣ ተዋናይት። በቴአትር መጀመሪያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ሆኖ ሳለ ደፍረው ከወጡት ቀዳሚዎች አንዷ እሷ ናት። ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው። ብዙነሽ በቀለንም አስቡ፤ ከጥላሁን ጋር በአንድ ዘመን፣ በአንድ የክቡር ዘበኛ መድረክ የዘፈነች ድምፀ መረዋ። የሁለቱ ልደት በቀን ተለይቶ ሲከበር ሰምተን አናውቅም። የእነሱን ዘፈን የምታውቅ እናት እዚህ ሞልታለች፤ የልደታቸውን ቀን የምታውቅ ግን ስንጠይቅ አላገኘንም።

እነሱ እንዲህ ከሆኑ እኛማ! የፋይዳ መታወቂያ ስናወጣ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ጸሐፊው «የተወለዱበት ቀን?» ይላል። አንዷ «እንሰቱ በታመመበት ዓመት» ትላለች። አንዷ «ከ77 ድርቅ በፊት፣ ታላቄ ገና ስታጠባ» ትላለች። ሌላዋ «እናቴ አተካና እያዘጋጀች ምጥ ያዛት፤ በያሆዴ ነው» ትላለች። ጸሐፊው ኮምፒውተሩ እንዲህ አይቀበልም፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ይፈልጋል። ብዙዎቻችን መስከረም 1 ወይም ጥር 1 ተብለን ወጣን። በያሆዴ ምጥ ያዛት የተባለችው አባላችን ግን «መስከረም 17 ብለህ ጻፍ» ብላ ቆመች፤ ተጻፈላትም። ዛሬ ከጥላሁን ጋር ልደት የምትጋራ አባል አለችን። ጎግል ቀን መርጦ ከያዘ እሷ ብትይዝ ማን ይከሳታል? እሷ ደግሞ እናቷ የነገረቻት ማስረጃ አላት።

ይህ ነገር ጨዋታ ብቻ ቢሆን ጊዜያችሁን አንወስድም ነበር። ባለፈው ዓመት ከአባሎቻችን የአንዷ ሴት ልጅ ለጋብቻ ተጠየቀች። ዘመድ «18 ሞልቷታል» አለ፤ እናት «አልሞላትም» አለች። የቤተሰብ ሕጉ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ይላል። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ወረቀት ነው። ልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት አልነበራትም። የክርክሩ ፍርድ የወደቀው በእናትየው ትዝታና በአጎትየው ትዝታ መካከል ነው፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የማን ትዝታ እንደሚሰማ ታውቃላችሁ። ልጅቷን ያተረፋት የክትባት ካርድ ነው። እናት በሳጥን ውስጥ፣ ከሠርግ ነጠላዋ ሥር፣ ጨቅላ ሳለች የተከተበችበትን ካርድ አስቀምጣ ነበር፤ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። 16 ዓመቷ ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ዛሬ ትምህርት ቤት ናት፤ ይህ ስብሰባ እስኪያልቅ ድረስ ታናናሾቿን የምትጠብቀው እሷ ናት።

ከዚህ በኋላ ነገሩን አጣራን። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ይባላል፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለበት። ጋብቻና ሞት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ። 90 ቀን ረጅም ይመስላል፤ አራስ ቤት ለነበረች ግን እንደ ሳምንት ያልፋል። የመጀመሪያው ወር በመታረስ፣ ሁለተኛው በልጁ ሆድ ቁርጠት፣ ሦስተኛው በእርሻ ሥራ። በነሐሴ የወለደች እናት ያሆዴ መሐል ላይ ይገባባታል፤ በዓሉ አልፎ ቀና ስትል ቀኑ ተገባዷል። አንድ ጽሕፈት ቤት ሦስት ጊዜ ተመልሳ መዝጋቢው የለም የተባለች አባል አለችን፤ በአራተኛው ከጎረቤቷ ጋር ሄዳ በሩ ላይ ተቀምጣ ጠብቃ አስመዘገበች። ሁለት ሆነው ሲሄዱ ሦስት ጊዜ መመለስ እንደሚቀር ከዚያ ተምረናል።

እንግዲህ ኮሚቴው የደረሰበትን እንንገራችሁ፤ ለድምፅ የሚቀርብም አለ።

የመስከረም 17 ማታ ይለፍ። ያ ቀን የቤት ነው፤ ሴት ከእሳት አጠገብ ቆማ ውላ ማታ ወደ አዳራሽ ነይ ብንላት አትመጣም፣ ብትመጣም ደክማ ነው። የጥላሁን ዝግጅት በዓሉ ሲበርድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን ብለናል። ኬኩ ይቅር የሚል አቋም በኮሚቴው ነበር፤ ወጣቶቹ ግን አንድ ኬክ ከራሳቸው ኪስ እናመጣለን ስላሉ ተፈቅዷል። ከማኅበሩ ካዝና ግን ለልደት አንድ ብር አይወጣም። ቡናውን፣ ቆሎውንና ዳቦውን በየተራችን እናዘጋጃለን። የመግቢያው ዋጋ ሁሉም የሚችለው ይሁን፤ ስንት እንደሚሆን እናንተ ትወስናላችሁ። ገቢው ወደ ብድር ካዝናው ከመግባቱ በፊት ለልደት ምዝገባ መጓጓዣና ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ይቀነስለት ብለን እናቀርባለን። ይህ ደጋፊዎቻችንን የምንለምንበት ጉዳይ አይደለም፤ በራሳችን ይቻላል።

ደጋፊዎቻችንን የምንለምነው ሌላ ነው። የበጀት ሪፖርታችሁ በሴፕቴምበር መጨረሻ እንደሚዘጋ እናውቃለን፤ ሥልጠናውም ጉብኝቱም በዚያው ሳምንት ይጠራል። ያ ሳምንት ያሆዴ ነው። በዚያ ሳምንት የሚጠራ ሥልጠና ላይ የምትገኘው ሴት እቤቷ ሰው የሚያግዛት ብቻ ናት፤ ሥልጠናው የሚያስፈልጋት ደግሞ ሌላዋ ናት። በሳምንት ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ቢሸጋገርልን ወንበሮቹ ይሞላሉ። ለበዓሉ መምጣት የሚፈልግ ግን በሩ ክፍት ነው፤ አተካናው አይጎድልም፣ ሪፖርት ግን አንጽፍም።

ሌላው ጉዳይ መዝገቡ ነው። በዝግጅቱ ቀን የጥላሁን ዘፈን ብቻ አይደለም የሚሰማው። የያሆዴን ዘፈን የሚያወጡ እናቶቻችን ተነሥተው ይዘፍናሉ፤ ወጣቶቹ በስልካቸው ይቀርጻሉ። ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር የዘፋኟ ስም፣ መንደሯና የተወለደችበት ጊዜ ይጻፋል። ቀን ካላት ቀኑ፣ ከሌላት «እንሰቱ በታመመበት ዓመት» ይባል፤ የእኛ መዝገብ እንደ ኮምፒውተሩ አይደለም፣ ይቀበላል። ዓመቱን የሚያሰላ ሰው በኋላ ይፈልግበት። ቅጂው ያለ ዘፋኟ ፈቃድ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ደቡብ አፍሪካ ላሉት ልጆች ይላክ ከተባለ ግን የሚከለክል ያለ አይመስለንም።

ከዚህ ወር ጀምሮ ደግሞ የወለደች አባል ስትኖር ሁለት አባላት አብረዋት ቀበሌ ይሄዳሉ። አንዷ ሕፃኑን ትይዛለች፣ አንዷ ወረፋውን። በአሁኑ ሰዓት ሦስት አራስ አባላት አሉን፤ የአንዷ 90 ቀን የሚሞላው በያሆዴ ማግስት ነው። ለእሷ ከበዓሉ በፊት ማክሰኞ ጠዋት የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ዛሬ ከዚህ ስብሰባ ይመረጡ። እጃችሁን አውጡ፣ ጸሐፊያችን ትመዘግባለች።